የጥገና ክፍሏ አንባቢ

ሐሙስ፣ የካቲት 20 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለድንቡሼ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገቤ ያዝ ለቀቅ ከማድረጉ በቀር እኔ ደህና ነኝ። ወንድምሽም ደህና ነው፤ ጺም አሳድጎ መልኩ ከአባትሽ ጋር አንድ ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ እዚያው እናንተ ከተማ የምትሠራው የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርሷ ናት። መሥሪያ ቤትሽ ድረስ ሄዳ በእጅሽ እንድትሰጥሽ የለመንኳት እኔ ነኝና እሷን እንዳትቆጫት። በምሳ ሰዓትሽ ጥግ ፈልገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ስትጨርሺ መልሰሽ ለእሷ ስጫት እንጂ ወደ ቤት ይዘሽው አትሂጂ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይገባሻል።

በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። የእናንተ ስልክ ግን ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው። ባለቤትሽ ከጎንሽ ሆኖ "እናታችን፣ እንዴት ነዎት?" ሲለኝ ያዘጋጀሁትን ወሬ እተወዋለሁ። ከዚያ ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋለን። እዚያ በረዶ ነው፣ እዚህ ፀሐይ ነው። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እቀራለሁ።

አሁን የምነግርሽ ሥራ ቦታዬ ላይ የደረሰብኝን ነገር ነው። ካለፈው ክረምት ማብቂያ ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና የምለው በፍርሃት ነበር። እኔ ፈሪ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባል የለ፣ እኔ እንደዚያ ነኝ። መብረቅ ሲመታ አልጋ ሥር የምገባው አንቺ ሳትሆኚ እኔ ነበርኩ።

ልጅ ሳለሽ "እናትሽ ሥራዋ ምንድን ነው?" ሲሉሽ "ሰው ዝም ማሰኘት" ብለሽ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስቀሽው ነበር። ሰው ዝም ማሰኘቱ ከሥራዬ ትንሹ ነው። ጠዋት ስደርስ ጋዜጣ አንባቢዎቹ ጡረተኞች ደረጃው ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። በር ስከፍት እየተጋፉ ይገቡና ሁሉም መጀመሪያ የሚገልጡት የሐዘን ማስታወቂያ ያለበትን ገጽ ነው። "ዛሬም አልወጣንም" ይባባሉና ወደ ስፖርቱ ያልፋሉ። ከዚያ የሥራ ማመልከቻ አብረሽኝ ጻፊ የሚል ይመጣል፤ የኢሜይል ምስጢር ቁጥሩ የጠፋበት ይመጣል፤ "ባለፈው ያነበብኩት አረንጓዴ መጽሐፍ" ከማለት በቀር ርዕሱንም ደራሲውንም የማያስታውስ ይመጣል። አረንጓዴውን ስፈልግ እውልና ሳገኘው ሰማያዊ ይሆናል። ተመላሽ መጻሕፍት ውስጥ የማገኘውን ነገር ብነግርሽ አታምኚኝም፤ የፀጉር ማስያዣ፣ የደረት ራጅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ የገጽ ምልክት ሆኖ አግኝቻለሁ።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። እኛ ጋ በሚሰጠው የአዋቂዎች ትምህርት ፊደል የቆጠረ አንድ ግንበኛ አለ። የልጆች ተረት ተውሶ ወሰደና በሳምንቱ ሲመልስ ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። "ጨረስኩት" አለኝ። የእጁ ስንጥቅ ሁሉ ሲሚንቶ ነው። "አሁን ወፈር ያለ ይስጡኝ።" ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እንደ ሙሽራ ነው። ይህን የነገርኩሽ ሥራዬ ሁሉ ፍርሃት እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

ሴትየዋ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ስሟን ለማንም እንዳልናገር ስለለመነችኝ ለአንቺም አልነግርሽም፤ ሁልጊዜ ሰማያዊ ሻርፕ ስለምታደርግ በልቤ ባለሻርፗ እላታለሁ። በዕድሜ ከአንቺ ትንሽ ትበልጣለች። የሕክምና ላቦራቶሪ መጽሐፍ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወፍራሙን አወረድኩላትና "ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ይሄ በውሰት አይወጣም፣ እዚሁ ነው የሚነበበው" አልኳት።

"እንደሱ ነው የምፈልገው" አለችኝ። "ወደ ቤት የማልወስደው።"

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ከዓምዱ ኋላ፣ በሩን ወደሚያሳየው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ትመጣለች። አንድ ገጽ ታነብና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፤ ሌላ ገጽ ታነብና በሩን ታያለች። ስትሄድ እጇን ታጥባ፣ ልብሷን አሽትታ ነው የምትሄደው። የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ ልብስ ላይ እንደሚቀር ያወቅኩት ከእሷ ነው።

አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን ነገረችኝ። ድሮ የአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ካገባች በኋላ ሥራውን ተወችው፣ የሙያ ፈቃዷም ጊዜው አለፈ። አሁን ፈተና ወስዳ ልታሳድሰው ነው። እህቷ ያለችበት ከተማ ውስጥ ፈቃዷን ካሳደሰች የሚቀጥራት ክሊኒክ አግኝታለች። ይህን ሁሉ ባሏ አያውቅም፤ ገበያ የወጣች ነው የሚመስለው።

ባሏ ሲመጣ እሷ አልነበረችም። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ተማሪዎቹ ሞልተው አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ። ንጹሕ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

"እናቴ፣ ሥራ እንዳላስፈታዎት። ባለቤቴ እዚህ ትመጣለች ብለውኝ ነው። ማንበብ ትወዳለች። ልደቷ ስለደረሰ መጽሐፍ ልገዛላት ፈልጌ፣ ምን ምን እንደምታነብ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።"

ስሟንና መልኳን ነገረኝ፤ ሻርፗንም ጭምር። ልጄ፣ ልነግረው ምንም አልቀረኝም ነበር። እግዜር እንዲህ ያለ ባል የሰጣት ምንኛ የታደለች ሴት ናት ብዬ አፌን ልከፍት ስል እጁን አየሁት። ፊቱ ይስቃል፣ ጠረጴዛዬን የያዙት ጣቶቹ ግን ጫፋቸው ነጥቷል፤ ያን ያህል ተጭኖ ነው የያዘው።

"አንባቢ ምን እንዳነበበ ለሌላ ሰው አንናገርም" አልኩት።

"እኔ ሌላ ሰው አይደለሁም እኮ፣ እናቴ። ባሏ ነኝ።"

"ቢሆንም ደንባችን ነው፤ እርስዎም የሚያነቡትን ለእሷ አንናገርም።"

ሳቀ። "ጎበዝ። እንዲህ ነው ሥራ" አለኝ። ከዚያ ጋዜጣ አነሣና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እስክንዘጋ ድረስ ከዚያ አልተነሣም፤ ጋዜጣውንም አንድ ጊዜ እንኳ አልገለጠም።

በማግስቱ ጠዋት የአቧራ ጨርቄን የማራግፍ መስዬ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከሩቅ ሻርፗን ሳይ ወረድኩና በአጠገቧ ሳልፍ "ባልሽ መጥቶ ነበር። በጓሮ በኩል ዙሪ" አልኳት። ትመለሳለች ስል በጓሮ ዞረች እንጂ አልተመለሰችም። ፈተናው ቅርብ ነበር።

የጥገና ክፍላችንን ታስታውሺዋለሽ፤ የተቀደደ መጽሐፍ የምሰፋበት፣ ሙጫ ሙጫ የሚሸተው፣ ወደ ጓሮ የሚወጣ በር ያለው። እዚያ አስገባኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፊት ባሏ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ከኋላ ሚስቱ መጽሐፍ ዘርግታ፣ መካከል ላይ እኔ። አንዱን ግድግዳ ብታነሺው ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንባቢ መጽሐፍ ሲጠይቀኝ ሌላ መጽሐፍ አወጣለሁ። ሊመዘገብ የመጣውን ሰው ስሙን ጠይቄው ሳይነግረኝ የእሷን ስም ልጽፍ ስል ራሴን ያገኘሁበት ቀን አለ።

እሱ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደደው። ለጡረተኞቹ ወንበር ይስባል፣ የጋዜጣውን ጥቅል ከመኪና ያወርዳል፣ ዘበኛችን ጉልበቱን ሲያመው ቅባት አምጥቶለታል። ዘበኛችን ምስኪን ነው፤ ወሬ ካገኘ ምሳውን ይረሳል። እንዲህ ሲጨዋወቱ ስለ እኔ ያለውን ሁሉ አውርቶ ጨረሰለት። በነጋታው ሰውየው ጋዜጣ ሊመልስ ጠረጴዛዬ ላይ ደገፍ ብሎ፣

"ልጅዎ ባሕር ማዶ ናት አሉ። ትዳር ይዛለች?" አለኝ።

"አዎ።"

"ጎሽ። ሴት ልጅ ሰብሰብ ስትል ነው። ባሏ ይጠብቃታል አይደል?"

ካርዶቹን የማስተካክል መስዬ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ ወንበር "እናቴ" የሚል ሰማሁ። እሱ ነበር። እኔ በምወርድበት ፌርማታ አብሮኝ ወርዶ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ዕቃዬን ተሸክሞልኝ፣ "ቤትዎ እዚህ ጋ ነው ለካ" ብሎኝ ተመለሰ። ለወንድምሽ አልነገርኩትም፤ ጠብ እንዳያነሣ ፈራሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ከኋላው ወንበር አስደግፌ አደርኩ።

ኃላፊያችን ጋ ሄዶም ነበር። "ሠራተኛዎ በትዳራችን ገብታለች" ብሎ በትሕትና አመልክቷል። አስጠራችኝ። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ እሷም ፈርታ ነው።

"እትዬ፣ የሰው ገበና ውስጥ አንግባ። ምን እንደምታነብ ቢነግሩትና ቢሄድ አይሻልም?"

"እመቤቴ" አልኳት፣ "ይህን ከነገርነው እዚህ ቤት ነገ ማን ደፍሮ ስለ በሽታው ያነባል? ማን ስለ ሕግ ያነባል? አንባቢያችንን አሳልፈን ከሰጠን መጻሕፍቱን ሸጠን እህል መጋዘን ብናደርገው ይሻላል።" ጀግና ሆኜ የተናገርኩ እንዳይመስልሽ።

በመስኮት ወደ ውጭ አየች። "እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እርስዎም ምንም አልነገሩኝም" አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ለዓመታት ዝጎ በትከሻ ካልተገፋ የማይከፈተው የጓሮ በር ዘይት ተቀብቶ፣ ከውስጥ አዲስ መቀርቀሪያ ተሠርቶለት አገኘሁት።

በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ እየሰፋሁ እሷ እያጠናች ብዙ አውርተናል። መጽሐፉን ትሰጠኝና እጠይቃታለሁ፤ የደም ሕዋስ ዓይነቶችን ስም እኔም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። አንድ ቀን "ይመታሻል?" አልኳት።

መልስ ከመስጠቷ በፊት መጽሐፉን ዘጋችው።

"ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው እትዬ። ሲጀመር አይመታኝም ነበር። አይመታኝም ስላቸው ታዲያ ምን ጎደለሽ ይሉኛል። መጀመሪያ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ላድርግልሽ አለኝ፤ ሁላችንም እናውራ፣ ቤተሰብ አይደለን ወይ አለ። እውነት መሰለኝ፣ ደስም አለኝ። ቀጥሎ ሥራው አድክሞሻል፣ ትንሽ እረፊ አለ፤ ተውኩት። እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ራሱን ያመው ጀመር። ከጓደኞቼ ጋር ስውል ያኮርፋል፤ እሱ ከሚያኮርፍ እያልኩ ቀረሁ። አንድ ቀን ዞር ብዬ ሳይ የቀረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። መምታት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ለማን ልንገር?"

በብሩሼ ላይ ያለው ሙጫ እስኪደርቅ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

"ምነው እትዬ፣ አመመዎት?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት። ምንም አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። የማታ ትምህርትሽን "አድክሞኝ ተውኩት" ያልሽኝ በየትኛው ወር እንደነበር እያሰብኩ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ለሕፃናት ተረት የማነብበት ቀን ነው፤ ምንጣፉ ላይ ዙሪያዬን ተኮልኩለው፣ አንዱ ቀሚሴን ይዞ፣ አንዷ ጭኔ ላይ ተኝታ። ባለሻርፗ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ፈተናዋ ሰኞ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ ናት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ነገሩን ሚስጥር ማድረግ ስለነበረብኝ አልነገርኳትም። ሰውየው ገባ። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም በቅንነት "ጥገና ክፍል ያለችውን ነው?" ብላ በእጇ ጠቆመችው።

ከምንጣፉ ላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁ። ሳይሮጥ፣ ኮቱን እየቆለፈ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል አለፈ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ምንም አላሰብኩም። ልጆቹን አየኋቸው፣ አፌ ደግሞ በራሱ ተናገረ።

"ልጆች፣ የታመመ መጽሐፍ እንዴት እንደሚታከም ማየት የሚፈልግ?"

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። እንደ ጎርፍ ነው የፈሰሱት፤ እኔን ራሴን ገፍተው ይዘውኝ ሄዱ። ሰውየው ክፍሉን ከፍቶ ገብቶ፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እጁን ወደ ክንዷ ሲሰድ ደረስን። ልጆቹ በእግሩ ሥር፣ በጎኑ፣ በሁለቱ መካከል ገብተው ሞሉት። አንዷ ኮቱን ጎትታ "አንተ ነህ የመጽሐፍ ሐኪሙ?" አለችው። ሌላው ጫማው ላይ ቆመበት።

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። በልጆች ፊት፣ ከኋላቸውም በተከተሉት እናቶች ፊት ክፉ መሆን አልቻለም። ፈገግ አለ። እጁን ከክንዷ ላይ አነሣና የልጅቷን ራስ ዳሰሰ።

"እሱ እንግዳ ነው" አልኩ። ድምፄ የማን እንደሆነ እንጃ። "ሐኪሟ እኔ ነኝ። ኑ፣ ዙሪያውን ቁሙ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ፤ ሙጫው ይፈሳል።"

እኔ ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት እየታገልኩ፣ እሷ ከልጆቹ ኋላ ለኋላ እየተንሸራተተች መቀርቀሪያውን ስታነሣ ሰማሁ። በሩ ድምፅ አላሰማም። ዘበኛችን ጓሮ ውስጥ ውሃ እያጠጣ ነበር። ፊቷን ሲያይ ጎማውን ጣለና እጇን ይዞ ወጣ። በኋላ እንደነገረኝ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አላወራም፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶች ጉዳይ ክፍል ወሰዳት። ቃሏን ተቀበሏት፤ እህቷም ተጠርታ መጥታ ይዛት ሄደች።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እሱ አልሄደም። የሰፋሁትን መጽሐፍ አንሥቶ አገላበጠው። "እጅዎ የተባረከ ነው" አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን በሁለት እጁ ጨብጦኝ፣

"ልጅዎን በሰላም ያቆይልዎት፣ እናቴ" አለኝ።

ምርቃት እኮ ነው። ማንም ቢሰማው አሜን የሚያሰኝ ምርቃት ነው። እኔ ግን ሄጄ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

ከዚያም በኋላ እየመጣ ተቀምጧል። አሁን ግን ዘበኛችን ለጡረተኞቹ ነግሯቸዋል፤ የሱ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበጎ ዋለ። አንድ ጠዋት ሰውየው ሲቀመጥ አንደኛው ጡረተኛ ተነሥቶ መጣና ከጎኑ ተቀመጠ። ሌላው በሌላ ጎኑ። ሌሎቹ ከፊት ለፊቱ። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልተናገረም፤ ዝም ብለው ጋዜጣቸውን ያነባሉ። በመጨረሻ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ከመነጽራቸው በላይ አዩትና፣

"ልጄ፣ ጋዜጣውን ገልብጠህ ነው የያዝከው" አሉት።

እውነታቸውን ነበር። አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ተነሥቶ ወጣ። ፖሊስም ጠርቶ ማስጠንቀቂያ እንደሰጠው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ አልመጣም። የት እንዳለ ግን አላውቅም፤ አውቶቡስ ስሳፈር አሁንም መጀመሪያ የማየው ከኋላ ያሉትን ወንበሮች ነው።

ባለሻርፗ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ፈተናውን አልፋለች። ክሊኒኩ ቀጥሯታል፤ ነጭ ገዋን ለብሳ ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጣ ነው የደወለችው። "እትዬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ነው የያዝኩት፣ ሌላ ማንም አይሰማም፤ እንደልብዎ ያውሩ" አለችኝ። ምን እንዳወራሁ አላውቅም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ያጽናናችኝ እሷ።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልሽ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ምንም አልነገርሽኝም። ምናልባት ሥራዬ አእምሮዬን ነክቶት ይሆናል፤ ምናልባት ባለቤትሽ ቤተሰብ ወዳድ ሆኖ፣ አንቺም እውነት ደክሞሽ፣ እኔ ያረጀሁ ፈሪ ሆኜ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ በምሳ ሰዓትሽ ከትከት ብለሽ ሳቂብኝ፤ ለወንድምሽም ንገሪውና አብራችሁ ሳቁ። ተሳስቼ መሳቂያ ብሆን ከዚህ የበለጠ ደስታ የለኝም።

ካልተሳሳትኩ ግን እንዲህ አድርጊ። እሑድ ስደውልልሽ እንደወትሮው ስለ አየሩ እናውራ። በመካከል "እማዬ፣ ያ መጽሐፍ ተገኘ?" በይኝ። የትኛው መጽሐፍ ብዬ አልጠይቅሽም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን መጽሐፍ ቢጠይቋት ማን ይገረማል? ሌላ አንድ ቃል መጨመር የለብሽም። ፓስፖርቴን አውጥቻለሁ፤ ኃላፊያችን ፈቃድ እንደምትሰጠኝ ቃል ገብታልኛለች፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችኝም። ነርሷ ቤቷ ውስጥ ትርፍ አልጋ አላት፤ በማንኛውም ሰዓት በሯን ብታንኳኪ ትከፍትልሻለች፣ አነጋግሬያታለሁ። እኔ እስክደርስ እሷ ጋ ሁኚ። አውሮፕላን እፈራለሁ፣ ቋንቋውንም አላውቅም፣ ሲያናግሩኝ የምደነግጥ ሴት ነኝ። እመጣለሁ።

ዛሬ ባይሆን፣ በሚቀጥለው ወር ቢሆን፣ በሚቀጥለው ዓመትም ቢሆን ያችን ጥያቄ በማንኛውም እሑድ መጠየቅ ትችያለሽ። ጊዜዋ አያልፍም። ለምን ዘገየሽ ብሎ የሚቆጣሽ የለም፤ አፍሬብሻለሁ የሚልሽም የለም።

የሄድሽበት ደጅ ይከፈትልሽ። ክፉ ሰው መንገድሽን አይወቀው። የሚያይሽ ዓይን የርኅራኄ ይሁን፤ እንቅልፍሽ የሰላም፣ ድምፅሽ የራስሽ ይሁን። እኔ ሳላቅፍሽ አልሙት።

በዚህ ደብዳቤ ለባለቤትሽ ሰላምታ አልላክሁም። ረስቼ አይደለም።

እናትሽ